ሸንኮራው ደርሶ ፋብሪካው ያልደረሰበት ጣና በለስ፦ ተጠያቂው ማን ነበር?

አዘና፦ በአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር ዞን የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ በኾነችው አዘና፣ እንደ ብዙዎቹ የክልሉ ከተሞች ሁሉ፣ ስኳር በኮታ የሚጠበቅ ሸቀጥ ኾኖ ዓመታት አልፈዋል። በሸማቾች ማኅበር በኩል የሚመጣው ለሁሉም አይዳረስም፤ ከነጋዴ የሚገዛው ደግሞ ዋጋው የብዙውን ሰው አቅም ይፈትናል። ነገር ግን በዚሁ ዞን፣ በቆላው ጃዊ ወረዳ፣ እያንዳንዳቸው በቀን 120 ሺህ ኩንታል ሸንኮራ አገዳ እንዲጨምቁ የታሰቡ ፋብሪካዎች ግንባታ የተጀመረው ገና የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በሥራ ላይ በነበረበት ወቅት ነው። ከደጋው ወረዳዎች ለቀን ሥራ ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣት አገዳውን በዓይኑ አይቶታል። ስኳሩን ግን ለረጅም ጊዜ ያየው አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ብሒል ለጣና በለስ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ነገሩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ተሸጋገረ።

ስለ ጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ። ስሙ መጠራቱ ተገቢ ነው። ይኹንና አንድ ፋብሪካ በአንድ እጅ ብቻ አይዘገይም። ሥራውን የሰጠ፣ የተቀበለ፣ የተቆጣጠረ፣ የከፈለ እና የጊዜ ሰሌዳውን የቆረጠ አካል አለ። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ተለይቶ ካልታየ በቀር ጥያቄው መልስ አያገኝም።

ውኃው ቀድሞ ደርሶ ነበር

የበለስ ሸለቆ የመሐንዲሶችን ዓይን የሳበው ዛሬ አይደለም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከከምባታና ከሀዲያ አካባቢ ሰፋሪዎችን ወደ ፓዌ ሲያመጣ፣ የጣሊያን መንግሥት ገንዘቡን ሸፍኖ ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ ሥራ ጀመረ። ደኑ ተመነጠረ፤ መንገድ ወጣ፤ ሆስፒታል ተገነባ፤ ሰፊ መሬት በትራክተር ታረሰ። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ። በሸለቆው ትልቅ ሥራ ተጀምሮ በመሐል ሲቆም ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ግን ተጠናቋል። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም የተመረቀው የጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ የጣናን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ውኃው ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀቃል። በመኾኑም ቀድሞ በበጋ ይመነምን የነበረው በለስ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ኾነ። ለመስኖ ልማት ከዚህ የተሻለ ዕድል በቀላሉ አይገኝም፤ ዝናብ የማይጠብቅ፣ በስበት ኃይል የሚወርድ ውኃ ከሰፊና ሞቃት ሜዳ ጋር ተገናኝቷል። ሸንኮራ አገዳ ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በጣና በለስ የቦታ መረጣው ተሳስቷል ማለት ያስቸግራል። ስህተቱ የሚገኘው ከዚያ በኋላ በተደረጉት ውሳኔዎች ነው።

ስኳር ኮርፖሬሽን በ2003 ዓ.ም ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሀገሪቱን ዓመታዊ የስኳር ምርት ከ300 ሺህ ቶን ጥቂት ከፍ ካለ መጠን በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ቶን ለማድረስ አለመ። ይህም ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ስኳር ፋብሪካ ወንጂ በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ ኩባንያ ተሠርቶ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። ከዚያ መተሐራ፣ ከዚያም ፊንጫ ተከተሉ። ሀገሪቱ ሦስት ነባር የስኳር ልማት አካባቢዎችን ለማቋቋም ከ40 ዓመት በላይ ወስዶባታል። አዲሱ ዕቅድ ግን 10 ፋብሪካዎችን በአምስት ዓመት አስቦ ነበር። ዕቅድ ትልቅ መኾኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የጊዜ ሰሌዳው ግን ከማንም ተቋራጭ አቅም በፊት የተቆረጠ ነበር፤ ይህ መታወስ አለበት።

ስኳር ፋብሪካ ሠርቶ የማያውቅ ተቋራጭ

ሜቴክ የተቋቋመው በ2002 ዓ.ም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ በ10 ቢሊዮን ብር የተፈቀደ ካፒታል ነው። በመከላከያ ሥር የነበሩ የጥይት፣ የተሽከርካሪ፣ የአቪዬሽን እና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአንድ ጥላ ሥር ተሰባሰቡ፤ አመራሩም በአብዛኛው ከሠራዊቱ የመጣ ነበር። የተሰጠው ተልዕኮ ሀገሪቱ ማሽን ከውጭ ከመግዛት ተላቅቃ ራሷ እንድትሠራ ማድረግ ነው። ሐሳቡን መናቅ አይገባም። ማሽን መሥራት የማይችል ሀገር ከጊዜ በኋላ መለዋወጫውንም፣ ጠጋኙንም፣ ዋጋውንም ከሌላ ይቀበላል። የገጠሩ ነዋሪ ይህን ከውኃ ፓምፕና ከትራክተር ያውቀዋል፤ አንዲት ጎማ ወይም አንዲት ቫልቭ ስትጠፋ ሙሉው ማሽን ለክረምት ይቆማል።

ችግሩ የመማሪያው መጠን ነው። ሜቴክ በመጀመሪያ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ሠርቶ፣ ስህተቱን አርሞ፣ ወደ ትልቁ እንዲሸጋገር አልተደረገም። በአንድ ጊዜ በርካታ ስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ እና የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረት ሥራ ተሰጡት። ከስኳር ፋብሪካዎቹ ብዙዎቹ ኋላ ላይ ለውጭ ተቋራጮች ተላለፉ። በእጁ የቀሩት ጣና በለስ ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 እና ኦሞ ኩራዝ ቁጥር 1 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በቀን 12 ሺህ ቶን አገዳ የመፍጨት አቅም እንዲኖራቸው ታስበው ነበር። ኦሞ ኩራዝ ቁጥር 1 በ2009 ዓ.ም የሙከራ ምርት ጀመረ። የበለሶቹ ግን በተባለው ጊዜም፣ በተራዘመው ጊዜም አልደረሱም።

በዚህ ውል አሠሪው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ተቋራጩም የመንግሥት ድርጅት ነው። ገንዘቡ ከመንግሥት ባንክ ወይም ከመንግሥት ብድር ይወጣል። የጊዜ ሰሌዳውን የሚያስቀምጠው መንግሥት ነው፤ ሥራው ሲዘገይ የሚያስጠነቅቀውም እሱው። በተለመደው የግንባታ አሠራር ሦስት ወገኖች አሉ፦ አሠሪ፣ ሥራ ተቋራጭ እና በመሐላቸው የሚቆም አማካሪ መሐንዲስ። አማካሪው ክፍያ የሚያጸድቀው ሥራው በጥራት መሠራቱን ለክቶ ነው። ተቋራጩ ከዘገየ በየቀኑ የሚታሰብ የመዘግየት ቅጣት አለ። ውሉን ካፈረሰ ባንክ የያዘው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ይወረሳል። እነዚህ ሁሉ ፍሬኖች የሚሠሩት ወገኖቹ በእርግጥ የተለያዩ ከኾኑ ብቻ ነው። ገንዘቡ ከአንዱ የመንግሥት ኪስ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቅጣት የሚያስከፍልም የሚከፍልም አይኖርም። አሠሪው ተቋራጩን ከሥራው አባርሮ ሌላ የመቅጠር ነጻነቱም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

90 በመቶ ተጠናቋል ማለት ምን ማለት ነው?

በዚያ ዘመን የነበሩ ዜናዎች ፋብሪካዎቹን በመቶኛ ይገልጹ ነበር። በመቶኛ የሚነገር ዜና ለአንባቢ ይመቻል፤ ለስኳር ፋብሪካ ግን አሳሳች መለኪያ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ፋብሪካው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

አገዳው ከመኪና ከተራገፈ በኋላ በቢላዎችና በመዶሻዎች ይከታተፋል። ከዚያ በተከታታይ በተደረደሩ ከባድ የብረት ጥቅልሎች መካከል እያለፈ ጭማቂው ይወጣል። የሚቀረው ደረቅ ቃጫ ባጋስ ይባላል፤ እሱም ወደ ቦይለር ገብቶ ይነድዳል። ቦይለሩ ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ያመነጫል፤ እንፋሎቱ ተርባይን አዙሮ ለፋብሪካው መብራት ይሰጣል፣ ከዚያም ጭማቂውን ያሞቃል። ጭማቂው በኖራ ይጣራል፤ በተከታታይ ጋኖች ውኃው ይተንና ይወፍራል፤ በዝቅተኛ ግፊት በሚሠሩ ጋኖች ውስጥ ይረጋል፤ በመጨረሻም በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ስኳሩ ከሞላሰስ ይለያል።

ሰንሰለቱ ክብ ነው፤ ጭመቃው ቦይለሩን ይመግባል፣ ቦይለሩ ጭመቃውን ያንቀሳቅሳል። ሕንጻው ቆሞ፣ ጋኖቹ ተተክለው፣ ቧንቧው ተዘርግቶ አንድ የቦይለር ክፍል ወይም የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ከጎደለ የሚወጣው ስኳር ዜሮ ነው። ስለዚህ 90 በመቶ የደረሰ ስኳር ፋብሪካ 90 በመቶ ስኳር አይሰጥም። የግማሽ ኪሎ ሜትር ቦይ የቀረው መስኖ ቢያንስ ከላይ ያለውን ማሳ ያጠጣል፤ ፋብሪካ ግን እንዲህ አይደለም። በተለምዶ ቶሎ የሚነሣው ደግሞ በዓይን የሚታየው ክፍል፣ ብረቱና ኮንክሪቱ ነው። ልዩ ዕውቀት የሚጠይቀው የመገጣጠም፣ የማስተካከልና የመሞከር ሥራ መጨረሻ ላይ ይቀራል። በመቶኛው ሲታይ ጥቂት የሚመስለው ይህ ሥራ፣ ልምድ ለሌለው ተቋራጭ ግን ከሁሉም የከበደው ነው። ክፍያ በመቶኛ ሲፈጸም ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ ከአስቸጋሪው ሥራ በፊት ያልቃል። ከሥራው ጋር ያልተመጣጠነ ክፍያ ነበር የሚለው ጥያቄም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደጋግሞ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸንኮራ አገዳ አይጠብቅም

ፋብሪካ ሲዘገይ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱ ይጠረግና ቀለም ይቀባል። አገዳ ግን ሕያው ተክል ነው። በበለስ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ አገዳ ተተክሎ ነበር፤ ተከላው ከፋብሪካው ጋር አብሮ እንዲደርስ ታስቦ የተጀመረ ነው። ጊዜው መመሳሰሉ አስፈላጊ ነበር፤ ምክንያቱም ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ የሚበቃ አገዳ በአንድ ጊዜ አይገኝም። መጀመሪያ የዘር ማሳ ይተከላል፤ ከዚያ ዘሩ ይባዛል፤ ከዚያ የንግዱ ማሳ ይስፋፋል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ተካዩ ፋብሪካው እስኪያልቅ ልጠብቅ ቢል ፋብሪካው ያለ ምግብ ይቆማል፤ የተሰጠውን የጊዜ ሰሌዳ አምኖ ከተከለ ደግሞ የሰሌዳው ውሸት ማሳው ላይ ይወድቃል። በበለስ የኾነው ሁለተኛው ነው።

አዲስ የተተከለ አገዳ እንደ አየሩ ጠባይ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ወይም ጥቂት አለፍ ብሎ ለቆረጣ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ በግንዱ ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት ጣሪያው ላይ ነው። ጊዜው ካለፈ ተክሉ ያብባል፤ ግንዱ ከውስጥ እየተቦረቦረ ይደርቃል፤ በራሱ ክብደት ይጋደምና ከመሬት ጋር የነካካው አንጓ አዲስ ሥር ይሰድዳል፣ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። የተጠራቀመው ስኳር ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይለወጣል፤ እነዚህ ደግሞ በፋብሪካ ውስጥ አይረጉም፣ ከሞላሰሱ ጋር ይሄዳሉ። አይጥና ምስጥ ይገባበታል፤ የደረቀው ቅጠል ለእሳት ይጋለጣል። ቆርጦ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም። የተቆረጠ አገዳ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ስኳሩ በፍጥነት ይቀንሳል። እንደ ጤፍ ነዶ ከምሮ፣ እንደ ድንች ጎተራ አስገብቶ ማቆየት የማይቻል ሰብል ነው።

ስለዚህ በበለስ ያረጀውን አገዳ ቆርጦ ማስወገድ ግድ ኾነ። ማስወገዱም በነጻ አይደለም። የቆራጭ ደመወዝ ይከፈላል፤ ማሳው ይጸዳል፤ ከጉቶው ዳግም የሚያቆጠቁጠው፣ ራቱን የሚባለው አገዳ፣ እንደገና ውኃ፣ ማዳበሪያና አረም ማረም ይፈልጋል። ከዚያም ፋብሪካው ሳይደርስ እሱም ያረጃል። ይህ ዑደት ሲደጋገም የጉቶው ምርታማነት ራሱ ይቀንሳል። ማሳውን የተንከባከበው የግብርና ባለሙያ በሥራው አልወደቀም፤ ሰብሉን አድርሷል። ኪሳራው ግን በእሱ መዝገብ ላይ ተመዘገበ፤ ምርት ያልሰጠ ማሳ ተብሎ። የምህንድስና ውድቀት የግብርና ውድቀት መስሎ የሚታየው እንዲህ ነው።

ከመሬቱ የተነሣው ሰው

ለአገዳው የተወሰደው መሬት ባዶ አልነበረም። በጃዊ እና በአጎራባቹ የመተከል አካባቢ የሚያርሱ፣ ከብት የሚያሠማሩ፣ ንብ የሚያንቡ ሰዎች ነበሩበት። በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ባለይዞታ ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እጥፉን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። በሁለቱም ስሌት የሚታየው መሬቱ ትናንት የሰጠው ነው። ልማቱ ይሰጣል የተባለው ጥቅም፣ ማለትም የሥራ ዕድሉ፣ የገበያው መነቃቃት፣ የመስኖ ውኃው ተጋሪነት፣ በተስፋ ደረጃ ይነገራል እንጂ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ፋብሪካው ዓመታት ሲዘገይ የገበሬው ኪሳራ በየትኛውም መዝገብ አልተመዘገበም። ካሳውን የተቀበለ ሰው ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። የብር ዋጋ በየዓመቱ በሚወርድበት ሀገር ደግሞ በአንድ ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚቆይ ለገጠር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥፋትና ወንጀል አንድ አይደሉም

ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሜቴክ ላይ የተደረገውን ምርመራ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመታት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ሀገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙ ተገለጸ፤ በርካታ ኀላፊዎችም በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም፣ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ከሜቴክ መወሰዱ ተነግሮ ነበር። ተቋሙ በኋላ እንደገና ተዋቅሮ የኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ተባለ።

ክሱ ለብዙዎች እፎይታ ሰጠ፤ ጥፋተኛው ተገኘ ተባለ። ኾኖም የወንጀል ክስ የሚመልሰው ጥያቄ ውስን ነው፤ ማን ሕግ ጣሰ፣ ማን በሕገ ወጥ መንገድ ተጠቀመ የሚለውን ነው። ፋብሪካው ለምን አልሠራም የሚለውን አይመልስም። በሙስና የተጠረጠረ ኀላፊ ያለበት ፕሮጀክት በጊዜው ሊጠናቀቅ ይችላል፤ ንጹሕ ሰዎች ብቻ የሠሩትም ሊወድቅ ይችላል። አንድ ልምድ የሌለው ተቋራጭ፣ ሁሉም ሰዎቹ ጻድቃን ቢኾኑ እንኳ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ግዙፍ ስኳር ፋብሪካ ሲሰጠው ይዘገያል። ይህን ለማወቅ መርማሪ ፖሊስ አያስፈልግም።

ድርሻው ሲከፋፈል እንዲህ ይመስላል። ሜቴክ የማይችለውን እችላለሁ ብሎ በመቀበሉና መዘግየቱን በጊዜው በግልጽ ባለመናገሩ ይጠየቃል። ስኳር ኮርፖሬሽን ባለቤት ነውና፣ የተቋራጩን ልምድ ሳይፈትሽ ውል በመግባቱ፣ ፋብሪካው እንደማይደርስ ምልክቱ ሲታይም ተከላውን ባለማዘግየቱ ይጠየቃል፤ ምንም እንኳ እምቢ የማለት ነጻነቱ ጠባብ ነበር ቢባል። ከሁለቱ በላይ ግን የዕቅዱን ቁጥር የቆረጠውና ሥራው ያለ ውድድር ለአንድ ተቋም እንዲሰጥ የወሰነው የፖለቲካ አመራር አለ። ተጠያቂነቱ ከሁሉም የከበደው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ድርጅቶች ሊያቆሙት የማይችሉትን ነገር ማቆም የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች ደጋግመው ጠይቀዋል፤ የመስክ ጉብኝትም አድርገዋል። ጥያቄያቸው ግን ክፍያ ሊያስቆም አልቻለም። በብየዳ መነጽር ቀን ከሌት የደከሙት ወጣት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ በየመድረኩ በጅምላ ሲወቀሱ መኖራቸውም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ተጠያቂነት በሌላ ቦታ እንዴት ተመረመረ?

ጉዳዩ የሀገር በቀል ተቋራጭ ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ ግልገል ጊቤ ሁለትን ያስታውስ። 420 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታሰበው ይህ ፕሮጀክት ልምድ ላለው ለሳሊኒ የተሰጠ ነው፤ ግን እሱም ያለ ጨረታ፣ በ374 ሚሊዮን ዩሮ። የጣሊያን መንግሥት 220 ሚሊዮን ዩሮ አበደረ። 26 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ዋሻ ሲቆፈር በ1999 ዓ.ም መጀመሪያ መቆፈሪያው ማሽን ከተሰበረ አለትና ከጭቃ ጋር ተጋፍጦ ቆመ፤ ሥራውም ከዕቅዱ ዘገየ። ጥር 2002 ዓ.ም በድምቀት ተመረቀ። ከምረቃው በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ ማመንጫውም ለወራት ቆመ። ተቋራጩ ምክንያቱ አስቀድሞ ሊታወቅ ያልቻለ የከርሰ ምድር ሁኔታ ነው አለ። ተቺዎች ደግሞ የከርሰ ምድር ጥናቱ በበቂ ኹኔታ ሳይደረግ ሥራው መጀመሩን አነሡ። በለስና ጊቤን የሚያመሳስላቸው የተቋራጩ ዜግነት አይደለም። ውድድር የሌለበት ውልና ከጥናቱ የቀደመ የጊዜ ሰሌዳ ነው።

ከዚህ በእጅጉ የተለየ የምርመራ ባህል ያለው ዘርፍ አቪዬሽን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን የ157 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ከወራት በፊት ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ከአንድ ሴንሰር ብቻ በተቀበለው የተሳሳተ መረጃ ተነሥቶ ደጋግሞ ሠርቷል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት መሠረት የአደጋ ምርመራ ዓላማ ወቀሳ ማከፋፈል አይደለም፤ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ ነው። ካሳና ወንጀል በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርታቸውን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም አወጡ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት የአብራሪዎቹ ተግባር በሪፖርቱ በበቂ አልታየም ብለው የተለየ አስተያየት ሰጡ፤ ልዩነቱም በግልጽ ታትሞ ይነበባል። በጎን ደግሞ ቦይንግ በ2013 ዓ.ም ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ከ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስከፍል ስምምነት አደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ለቢሾፍቱው አደጋ ሟች ቤተሰቦች ካሳ ኀላፊነቱን በፍርድ ቤት ተቀበለ።

አውሮፕላንና ስኳር ፋብሪካ የማይነጻጸሩ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በበለስ የወደቀ ነገር የለምና። ነገር ግን ያው ጥያቄ ነው የሚነሣው፤ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ውሳኔ፣ መቼ ተበላሸ? አቪዬሽን ይህን ጥያቄ ከፍርድ ቤት ለይቶ ይጠይቃል፣ መልሱንም ያትማል። ለሕዝብ ፕሮጀክቶች ግን በሀገራችን የተለመደው ወይ ዝምታ ወይ እስር ነው።

ዋስትናው የሚጀምረው ከርክክብ ነው

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ትክክለኛነትና ለግንባታው ጽናት ለ10 ዓመታት ዋስ እንደሚኾን ይደነግጋል። ይህ ለገጠር ነዋሪም የሚጠቅም ድንጋጌ ነው፤ በወረዳ ደረጃ የሚሠራ የትምህርት ቤት ሕንጻም፣ የመስኖ ግድብም በዚህ ይዳኛል። 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ግን ከርክክብ ቀን ጀምሮ ነው። ያልተረከቡት ሥራ የዋስትና ሰዓቱ አይጀምርም። አንድ ግንባታ ተመርቆ ርክክቡ በጽሑፍ ካልተፈጸመ፣ ወይም ጉድለቱ ሳይመዘገብ ከተረከቡት፣ በኋላ የሚነሣ ክርክር በአሠሪው ላይ ይከብዳል። ሪባን መቁረጥ ርክክብ አይደለም። የወረዳ ምክር ቤት አባላትና የውኃ ተጠቃሚ ማኅበራት የርክክብ ሰነዱን ቅጂ መጠየቅ ይችላሉ። ጉድለት ዝርዝሩ፣ የሚታረምበት ቀን እና የተያዘው የመያዣ ገንዘብ መጠን እዚያ ላይ መስፈር አለባቸው።

የበለስ ቁጥር 1 ፋብሪካ ከዓመታት መዘግየት በኋላ ለቻይና ተቋራጭ ተላልፎ በ2013 ዓ.ም ምርት ጀመረ። ቁጥር 2 ከዚያም በኋላ ሳይጠናቀቅ ቆየ፤ ሦስተኛው ከዕቅድ አላለፈም።

በዚህ መሐል ሒሳቡ ተገልብጧል። በቀን 12 ሺህ ቶን የሚፈጭ ፋብሪካ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ቶን አገዳ ይፈልጋል። ከአንድ ሄክታር 1 ሺህ ኩንታል ቢገኝ በየዓመቱ 24 ሺህ ሄክታር መቆረጥ አለበት ማለት ነው። ይህ ደግሞ ፋብሪካው ሲጠበቅ እያረጀ ከተወገደው ተከላ በእጥፍ የሚበልጥ ነው። ለዓመታት አገዳው ፋብሪካውን ጠበቀ። ፋብሪካው ሲደርስ ደግሞ አገዳውን መጠበቅ የሱ ተራ ኾነ።